የአቧራ ወተት

አንድ ቀን፣ ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ፣ በአንድ የኖራ ፋብሪካ ጆንያ ተሸካሚ ሳለሁ የሆነ ነው። ስለዚያ ዘመን ብዙ የምለው የለኝም። ኖራው አፍንጫ ይሞላል፣ ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ያስላል። ፋብሪካው ለዚህ ብሎ የሚሰጠን ወተት ነበር፤ ለሰው በቀን አንድ ጠርሙስ። አቧራውን ጠርጎ ያወርዳል ይባላል። ያውርድ አያውርድ አላውቅም። ለብዙዎቻችን ግን ቁርሳችን እሱ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ልሳነወርቅ ይባላሉ። የተማሩ ናቸው፤ መማራቸውን ሳይነግሩን የዋሉበት ቀን የለም። ያን ቀን ሰበሰቡንና ወተታችን ከነገ ጀምሮ እንደሚቀር ነገሩን። አንድ ጥናት አንብበዋል። የተማረ ሰው ካልተማረው አሥር ዓመት አብልጦ ይኖራል ይላል።

«ዕድሜ የሚያስረዝመው ትምህርት እንጂ ወተት አይደለም» አሉ። «በወተቱ ፋንታ ከሥራ በኋላ ፊደል ትቆጥራላችሁ። ጥያቄ ያለው?»

ባለፈው ስብሰባ ጥያቄ የነበረው ሰው አሁን ከእኛ ጋር አልነበረም።

ከኋላ ጋሽ ጉደታ እጁን አወጣ። ወተቱን ከመኪና አውርዶ የሚያድለው እሱ ነው።

መጀመሪያ አመሰገነ። ትምህርት መልካም እንደሆነ፣ እሱም በጊዜው ቢያገኘው ኖሮ ጆንያ ሥር እንደማያረጅ ተናገረ። አቶ ልሳነወርቅ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አንድ ነገር ብቻ ግራ ገባኝ» አለ። «ጠዋት ጠዋት ስድስት ጠርሙስ ወደ ቢሮ የማወጣው እኔ ነኝ። ሾፌሩን ብጠይቀው እነሱ ነገም ይመጣሉ አለኝ።»

«እና?»

«እናማ ጌታዬ፣ ቢሮ ያላችሁት ተምራችሁ ጨርሳችኋል፤ አሥሩን ዓመት ይዛችሁታል። እናንተን ትምህርቱ ያኑራችሁ። እኛ ፊደሉን እስክንጨርስ ድረስ ስድስቱ ጠርሙስ ወደ ታች ይውረድልንና ወተቱ ያቆየን።»

ማንም አልሳቀም። ሁሉንም ሳል ያዘው። እዚያ ግቢ ሳል ማንንም አያጠራጥርም።

አቶ ልሳነወርቅ ስብሰባውን ዘጉ። በማግስቱ የሁላችንም ወተት መጣ። ግን በጸሐፊያቸው በስንዱ በኩል ቃል አስነገሩ፤ ወተቱ የሚቆየው ከመካከላችን የመጨረሻው ሰው ፊደል ቆጥሮ እስኪጨርስ ብቻ ነው።

ትምህርቱም ተጀመረ። የምታስተምረን ራሷ ስንዱ ነበረች። እኔ ማንበብ የቻልኩት እዚያ ነው። ሌሎቹም ቀስ በቀስ ገፉ። ጋሽ ጉደታ ግን «ለ» ላይ ቀረ። ወር አለፈ፣ ዓመት አለፈ፣ እሱ «ለ» ላይ ነው። ያኔ ግን የወተቱን ማደያ ወረቀት ከነስማችን እያነበበ ሲያድል በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ስንዱም ሳታይ አልቀረችም። አንድ ቀን አጠገቡ ቁጭ ብላ ጠየቀችው።

«ጋሽ ጉደታ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ይችን ፊደል ማለፍ እንዲህ ከበደዎት?»

ጋሽ ጉደታ በሩን አየት አደረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ማለፉስ አልከበደኝም ልጄ። የአርባ ሰው ቁርስ ይዤ ነው እዚህ የቆምኩት።»