ጃርት የደበቀቻት መስመር

አንድ ጊዜ በአንድ ገደላማ ሸለቆ የሚኖሩ እንስሳት ልጆቻቸውን የሚያውሉበት ትልቅ ዋሻ ነበራቸው። የዋሻው በር የሚከፈተው በኮምፒውተር ነበር። በረኛው ሽኮኮ ከቋጥኝ ላይ ሆኖ አካባቢውን ይቃኛል፤ ወላጅ ሲመጣ ካየ «ክፈት» የሚል መልእክት በሽቦ ይልካል፤ በሩም ይከፈታል። መልእክቱ በምስጢር ቁልፍ ስለሚቆለፍ፣ ከሽቦው ላይ የሰረቀው ሁሉ የሚያገኘው ትርጉም የሌለው ዝብርቅርቅ ፊደል ብቻ ነበር።

ኮምፒውተሩ የሚታዘዝበትን ኮድ የጻፈችው ጃርት ናት። ሲያመሰግኗት እሾኋን አስተኝታ መሬት መሬት ታያለች። ሁሉም ዓይን አፋርነቷ ነው ይሉ ነበር። ዓይን አፋርነት ብቻ ግን አልነበረም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ቀበሮ ወደ ጅብ መጣ።

«አያ ጅቦ፣ ግልገል አማረህ?»

«የማያምረኝ ቀን አለ እንዴ?»

«እንግዲያው ስማኝ። ሽኮኮ ሰሞኑን ለበሩ የላከውን መልእክት ከሽቦው ላይ ቀድቼዋለሁ።»

«ምን ይላል?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ ምን ይጠቅመኛል? አጥንት አይደል እንድቆረጥመው!»

«አንተ ሆዳም፣ ማወቅ አያስፈልገኝም! ሳልነካካ እንዳለ መልሼ እልከዋለሁ። በሩ የሽኮኮ ቁልፍ መሆኑን ያያል እንጂ ‹ይህ ከዚህ በፊት መጥቶ ነበር ወይ?› ብሎ አይጠይቅም። ትናንት ሞክሬው ገርበብ ሲል አይቻለሁ።»

ቀበሮ ላከ። በሩ ተከፈተ። ጅብ ዘሎ ሲገባ ግን ደጃፉ ላይ የተሰቀለ የቆዳ ጠፍር ሸተተው። «ይህችን ብቻ ቀምሼ» አለና ማኘክ ጀመረ። የአህያ ውርንጭላ አየውና አናፋ፤ ልጆቹ ሁሉ በጓሮው ስንጥቅ ሾልከው አመለጡ። ጅብ ወላጆች እየሮጡ ሲመጡ ሰማ፤ መጨረሻ ላይ ይሾልክ የነበረውን ውርንጭላ የጭራ ጫፍ ቦጭቆ ፈረጠጠ።

ወዲያው ሁሉም ዋርካው ሥር ተሰበሰቡ። አንበሳ የኮምፒውተሩን መዝገብ አየ።

«በሩን የከፈተው የሽኮኮ መልእክት ነው።»

«ሽኮኮ!» አለች አህያ፣ «ልጄን ለጅብ አሳልፈህ ሰጠኸው?»

«እመት አህያ፣ ልጅሽን ከተወለደ ጀምሮ ስጠብቀው አይደል የኖርኩት? በዚያ ሰዓት ምንም አልላክሁም!»

«መዝገቡ ይዋሻል እንዴ?» አለ አንበሳ። «ፀሐይ ሳትጠልቅ ሸለቆውን ለቅቀህ ትወጣለህ።»

ሽኮኮ ዕቃውን ሊሰበስብ ዞረ። የጃርት እሾህ ቀስ እያለ ቆመ።

«አያ አንበሶ፣ ሽኮኮን ይተዉት። ጅብ የገባው በእኔ ጥፋት ነው።»

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ።

«ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ሌባ የሰረቀውን መልእክት እንዳይደግም፣ ለእያንዳንዱ መልእክት ቁጥር ሰጥቼ ነበር። በሩም፣ ቁጥሩ ከመጨረሻው የሚበልጥ ካልሆነ እንዳይከፍት አዝዤው ነበር። አንድ ቀን ዝናብ ሽቦውን ሲያናውጠው አሥራ ሁለተኛው መልእክት ከአሥራ አንደኛው ቀድሞ ደረሰ። አሥራ ሁለተኛው ‹አካባቢው ሰላም ነው› የሚል ብቻ ነበር፤ ‹ክፈት› የሚለው አሥራ አንደኛው ነበር። በሩም ዘግይተሃል ብሎ እምቢ አለ፤ እመት አህያ ዶፍ ውስጥ ቆማ ቀረች።»

«አስታውሳለሁ! ሦስት ቀን አስነጠሰኝ» አለች አህያ።

«በሁሉም ፊት ጮኽሽብኝ። እኔም አፍሬ ቁጥሩን የምታየዋን የኮድ መስመር እንዳትሠራ ዘጋኋት። ከጎኗ ‹ለጊዜው› ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ወዲህ በሩ እምቢ ብሎ አያውቅም፤ እናንተም አመሰገናችሁኝ። ባመሰገናችሁኝ ቁጥር መናገር ይበልጥ ከበደኝ።»

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ! ልጄ ጭራውን እስኪያጣ!»

«ልክ ነሽ። ቅጡኝ። ግን መጀመሪያ ላስተካክለው፤ ይህን ኮድ ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም።»

ስለ ራሷ እንዲህ ብላ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር። አንበሳ እስከ ነገ እኩለ ቀን ጊዜ ሰጣት።

የዘጋቻትን መስመር እንዳለች ብትመልሳት አህያን እንደገና ዝናብ ይመታታል። ስለዚህ ጃርት ሌላ መንገድ ፈለገች። በማግስቱ በር ላይ ቆማ አስረዳች።

«አሁን በሩ የቅርቦቹን ስልሳ አራት ቁጥሮች ያስታውሳል። የዘገየ ቢመጣ፣ ከዚህ በፊት ካልመጣ ይቀበለዋል። አንዴ የመጣን ግን ሁለተኛ አይቀበልም። ከስልሳ አራቱም ወደ ኋላ የቀረ ካለ ሽኮኮ እንደ አዲስ ይላከው።»

«ሌባው ቁጥሩን ቢቀይረውስ?» አለ አንበሳ።

«ቁጥሩም በቁልፉ ታስሯል። ትንሽ ቢነካ በሩ መልእክቱን ይጥለዋል።»

«እኔ ልየው!» ብላ አህያ በሩ ፊት ተገተረች። ሽኮኮ ኋለኛውን መልእክት አስቀድሞ፣ «ክፈት» የሚለውን ቀጥሎ ላከ። በሩ ተከፈተ። ዘግተው ያንኑ «ክፈት» ደገሙት። በሩ አልነቃነቅ አለ። አህያ በእርግጫ መታችው፤ የተጎዳው ግን የራሷ እግር ነው።

ከሰዓት በኋላ ጅብ ምራቁን እያዝረበረበ መጣ። ቀበሮ ቁጥቋጦ ውስጥ ሆኖ የቀዳውን መልእክት ላከ።

«ላክ እንጂ!»

«ልኬያለሁ!»

«ድገመው!»

«አሥር ጊዜ ደገምኩት!»

«ታዲያ እኔ ለምን ውጭ ነኝ?» ጅብ ተናደደና በሩን ደበደበ። «ክፈት እንጂ! ትናንት የገባሁት እኔው ነኝ፣ ረሳኸኝ እንዴ?»

«እኛም የምንፈልገው ትናንት የገባውን ነበር» አለ ከቋጥኙ ጀርባ የመጣ ድምፅ። አንበሳ ነበር። ቀበሮ ድምፁን ገና ሲሰማ ጠፍቷል። ጅብ ግን በአንበሳ ጥፍር ተሸንትሮ፣ እያነከሰ ሸለቆውን ለቀቀ።

ያን ጊዜ አንበሳ ሽኮኮን በሁሉም ፊት ይቅርታ ጠየቀው። ወደ ጃርትም ዞሮ «እስቲ ያቺን መስመር አሳዪን» አላት። አሳየቻቸው። «ለጊዜው» የሚለው ተሰርዞ በቦታው እንዲህ ተጽፎ ነበር፦ «ይህችን መስመር ዘጠኝ ዓመት የደበቅኋት እኔ ነኝ። ያስተካከልኳትም እኔ ነኝ። ጃርት።»

አህያ ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ቅጣትሽን ልንገርሽ?» አለች። «ውርንጭላዬን ይህን ኮድ ታስተምሪዋለሽ። ስህተቱንም ጭምር።»

ጃርት ሳቀች። በዚህ ጊዜ መሬት መሬት አላየችም።

ከዚህ የምንማረው፣ ስህተታችንን በራሳችን አፍ ተናግረን በራሳችን እጅ ስናርመው የምናገኘው ኩራት፣ ጥፋታችንን ደብቀን ከምንሰማው ምስጋና ሁሉ እንደሚበልጥ ነው።