የፊታውራሪ መኪና ለማን አጎነበሰች?

ፊታውራሪ ጠናጋሻው «የቤት መኪናዬ ጉልበት አነሳት» ብለው የጭነት መኪና ካምቢዮ ከነማርሽ ሳጥኑ አስገጠሙላት። ካምቢዮው አልገባም ብሎ ሲያስቸግር፣ አፍንጫውን ሽቅብ አንጋጦ ታሰረ። ከዚያ ወዲህ ዘይት ሲሞላ፣ ገና ሳይጠግብ የጠገበ ይመስል በጎኑ ቀዳዳ ይፈሳል፤ መኪናዋም ዘይት አንሷት በሄደችበት ሁሉ እንደ ታመመ ግመል ታጓራለች።

በመጨረሻ አንድ አፈኛ መካኒክ ተጠራ። ጎንበስ ብሎ አየና፣ «ካምቢዮው እንዲህ አንጋጦማ የዘይቱ ልክ አይታወቅም፤ መጀመሪያ ይስተካከል» ብሎ የመኪናዋን ኋላ በክሪክ ወደ ላይ አነሳ። ከዚያም ከሥሯ ገብቶ ዘይቱን ይሞላ ጀመር።

ፊታውራሪ በኋላ በኩል ብቅ ቢሉ፣ መኪናቸው አፍንጫዋ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም። ሰው ሁሉ በፊታቸው ለጥ ብሎ እጅ ሲነሳ የኖሩ ናቸውና ደማቸው ፈላ።

«አንተ! የእኔ መኪና ለማን ነው ያጎነበሰችው? ለእርስዎ ነው እንዳትለኝ፣ እኔ የቆምኩት ከኋላዋ ነው። ለእኔ ለመካኒኩ ነው ካልክ ደግሞ፣ አገሩን ሁሉ እዚሁ ሰብስቤ አስገርፍሃለሁ!» አሉ።

መካኒኩ በዘይት የተለወሰ ፊቱን ከመኪናዋ ሥር ብቅ አደረገ።

«ጌታዬ፣ እኔ ከሥሯ ስለተኛሁ ለማን እንዳጎነበሰች አላየሁም። ቂጧን ለማን እንደገለበች ግን ከዚህ ሆኜም ይታየኛል። ይልቅ አገሩ ሳይሰበሰብ ቶሎ ብለው በፊቷ በኩል ይቁሙ!»