የእመት ፍልፈል ባዶ ገመድ

ተረት ላውራችሁ? እሺ ካላችሁ ጠጋ በሉ፤ እምቢ ካላችሁም ጀምሬዋለሁ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት በአሞሌ ጨው በሚገበያዩበት ዘመን፣ እመት ፍልፈል የምትባል ድንች ሻጭ ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ አራት ልጆቿን የምታሳድገው በዚሁ ድንች ነው። እጇ ለሥራ ፈጣን ነበር፤ ይሉኝታዋ ግን ለጉድ ነው። ማንም ቅር እንዳይሰኝባት ስትል የራሷን ጉዳይ የምትተው ዓይነት ነበረች።

የዚያ አገር ደንብ ቀላል ነው። ነጋዴ ሁሉ ከትርፉ ላይ ከአሥር አንድ ለድልድዩ ይከፍላል። ድልድዩ ክረምት በመጣ ቁጥር ይጎዳል፤ በዚሁ ግብር ይጠገናል። ድልድይ ከሌለ ገበያ የለም። ትርፍ የሚባለው ደግሞ የተሸጠው ሁሉ ሳይሆን ወጪ ተቀንሶ የሚቀረው ነው። ወጪው እንዲታወቅም ነጋዴው ወገቡ ላይ ገመድ ይታጠቃል። ክፍያ የተቀበለ ሁሉ፣ ለእያንዳንዱ አሞሌ አንድ ምልክት በከፋዩ ገመድ ላይ ይቋጥራል። አህያ ከጭራው ፀጉር፣ ጃርት ከእሾኋ፣ ሽኮኮ ከደጁ ሣር ይቋጥራሉ።

የእመት ፍልፈል ገመድ ግን ባዶ ነበር። ለአያ አህያ ስምንት አሞሌ የጭነት ስትከፍል «ቋጠሮ ትፈልጊያለሽ እንዴ?» ብሎ ለወጉ ያህል ቢጠይቃት፣ «ኧረ በእኛ መሃል ምን ቋጠሮ ያስፈልጋል» አለችው። ለእመት ጃርት ሰባት አሞሌ የመቆፈሪያ ዕቃ ዋጋ ስትከፍልም እንደዚያው አለች። ለሽኮኮ አምስት አሞሌ የመደብ ኪራይ ስትከፍልም እንደዚያው አለች። ቋጠሮ መጠየቅ «አላመንኩህም» ማለት ይመስላት ነበር።

አንድ ቀን ግብር ሰብሳቢው ጉሬዛ ነጭ ካባውን እያርገበገበ መጣ።

«ስንት ሸጥሽ?»

«ሠላሳ አሞሌ፣ ጌታዬ።»

«ወጪሽስ?»

«ሃያ። በእጄ የቀረው አሥር ነው።»

ጉሬዛ ገመዷን ወዲህ አገላበጠው፣ ወዲያ አገላበጠው። «እኔ እዚህ ላይ ወጪ አይታየኝም። ሠላሳውን እንደ ትርፍ እይዘዋለሁ፤ ሦስት አሞሌ ትከፍያለሽ።»

እመት ፍልፈል በጣቷ ቆጠረች። የድንች ዘር አንድ ጆንያ ዘጠኝ አሞሌ ነው፤ አንድም አይቀነስም። ከአሥር ሦስት ከሄደ ሰባት ይቀራል። ዝናቡ ደርሷል። ዘንድሮ ካልተከለች ልጆቿ የሚበሉት የላቸውም።

ጉሬዛ ክፉ አልነበረም። «እስከ ሐሙስ ገበያ ጊዜ አለሽ» አላት። «የከፈልሻቸው ይቋጥሩልሽና ነይ። ወጪሽ ሃያ ከሆነ አንድ አሞሌ ብቻ ትከፍያለሽ።»

እመት ፍልፈል አሮጌ ቅርጫቷን አንጠልጥላ ወደ አያ አህያ ሄደች።

«አያ አህያ፣ ያቺን ስምንት አሞሌ ብትቋጥርልኝ?»

አህያ ጭራውን ከኋላው ሸሸገ። «የእኔ ፀጉር አንቺ ገመድ ላይ ከታየ የእኔም ገቢ ታወቀ ማለት አይደል? ይልቅ ምክር ልስጥሽ። ምንም አልሸጥኩም በይና አሞሌሽን ቅበሪው። በመቅበር ማን ይስተካከልሻል?»

እሷም እንዳይቀየማት ብላ «እሺ፣ ይስጥልኝ» ብላ ወጣች። መንገድ ላይ «መቅበሩስ ባልከፋ» ስትል፣ ቅርጫቷ አላስችል ብሏት አፍ አውጥታ ተናገረች።

«ጨው በእርጥብ መሬት ይቀበራል እንዴ? ሐሙስ ስታወጪው ጭቃ ነው የምታገኚው። ደግሞ ድንቹን ስትሸጪ ገበያው ሁሉ አይቶሻል። አንቺ ሴት፣ ስፌቴ እስኪላላ የተሸከምኩልሽ ይሉኝታሽን ልትቀልቢበት ነው? አህያ ፊት ከማፈርና ልጆችሽ ፊት ከማፈር የቱ ይሻልሻል?»

እመት ፍልፈል አንገቷን ደፍታ እመት ጃርት ቤት ደረሰች።

«እመት ጃርት፣ የሰባቱን አሞሌ ቋጠሮ ፈልጌ ነበር።»

ጃርት እሾኋን አቆመች። «ምነው፣ ከዳሽኝ ወይ? ስንት ዓመት ጎረቤት ሆነን ዛሬ ቋጠሮ?»

በሌላ ቀን ቢሆን እመት ፍልፈል ይቅርታ ጠይቃ ትመለስ ነበር። አሁንም እግሯ ወደ በሩ ዞሮ ነበር፤ ግን ራሷን ያዘች። «እኔ አምንሻለሁ፤ አምኜሽም ነው የመጣሁት። ቋጠሮው ለጉሬዛ ነው። ለእሱ እኔም አንቺም ጎረቤቱ አይደለንም።»

ጃርት ትንሽ አሰበችና እሾኋን አስተኛች። ሰባት ነቅላ ቋጠረችላት፤ አንዷን ስትነቅል እንዲያውም ኮርኩሯት ሳቀች።

ሽኮኮ ደግሞ ወሬው ቀድሞ ደርሶት፣ ገና ሳትጠይቀው ሣር አጭዶ ጠበቃት። «አምስት ብቻ ለምን? አሥር ልቋጥርልሽ። ከግብሩ የምታተርፊውን እንካፈላለን።»

እመት ፍልፈል እጁን ያዘችው። እውነቱን ለመናገር፣ ልቧ ጥቂት ተመኝቶ ነበር። «የሰጠሁህ አምስት ነው፤ አምስት ቋጥርልኝ። ነገ ጉሬዛ ቢጠይቅህ እኔም አንተም የምንናገረው አንድ ይሁን።» ሽኮኮም እያጉረመረመ አምስት ቋጠረላት።

ሐሙስ ደረሰ። ገመዱ ላይ አሥራ ሁለት ቋጠሮ አለ፤ ስምንት ይጎድላል። ድልድዩ አፍ ላይ ስትደርስ አያ አህያ ከጉሬዛ ፊት ቆሞ ያላግጣል ብላ ስትጠብቅ፣ ላብ በላብ ሆኖ አገኘችው።

«በዚህ ድልድይ ስትመላለስ ዓይኔ አይቶሃል» ይለዋል ጉሬዛ። «በግምት መቶ አሞሌ ሠርተሃል። አሥር ክፈል።»

«የገብሱስ? የመጫኛውስ? ግማሹ እኮ ለወጪ ነው የሄደው።»

«ቋጠሮህን አሳየኝ።»

አህያ ቋጠሮ አልነበረውም። እሱም የማንንም ተቀብሎ አያውቅም፤ የሱም እንዳይታወቅ፣ የሌላውም እንዳይታወቅ ሲል ኖሯል።

እመት ፍልፈል በዚያ ሁሉ ገበያተኛ ፊት ድምጿን ከፍ አድርጋ ተናገረች፤ እንዲህ ስትናገር ሰምቶ የሚያውቅ አልነበረም። «አያ አህያ፣ ስምንቴን ቋጥርልኝ። ከዚያ ገብስ ሻጩም ዘንድ፣ መጫኛ ሻጩም ዘንድ አብሬህ እሄዳለሁ። መጠየቁን እኔ ለምጄዋለሁ።»

አህያ ጉሬዛን አየ፣ እሷን አየ፣ መሬት መሬት አየ። ከዚያ ጭራውን አዙሮ ስምንት ፀጉር ነጨና ቋጠረላት።

ጉሬዛ ቆጠረ። ስምንት ፀጉር፣ ሰባት እሾህ፣ አምስት ሣር። «ሃያ» አለ። «አንድ አሞሌ።»

እመት ፍልፈል አንዱን አሞሌ ደስ ብሏት ሰጠች። በዘጠኙ ዘር ገዛች፤ ዘር ሻጩ እቃውን ሲያስረክባት «ዘጠኝ ቋጥርልኝ» አለችው፤ እሱም ምንም ሳይመስለው ቋጠረላት። ሐሙስ ማታ ደመናው ሲጠቁር እሷና ልጆቿ የመጨረሻዋን ድንች አፈር አለበሱ። አህያም ከእሷ ጋር ዞሮ ቋጠሮውን አሰባስቦ፣ በሚቀጥለው ገበያ ግማሹ ግብር ተነሳለት፤ እስከ ዛሬ ጭራው ሳሳ ያለው ከዚያን ቀን ወዲህ ነው ይባላል።

እንግዲህ የምትከፍሉትን አትደብቁ፤ የሚቀነስላችሁንም አትተዉ። ይሉኝታ ቢዘሩት አይበቅልም።

እኔ ተናግሬ ጨረስኩ፤ እናንተም ለጎረቤት አድርሱልኝ።