የማን ጭስ ነው?

አንድ ሰው ነበረ። በሚኖርባት ከተማ በየዓመቱ የድሮ ጦርነት በትዕይንት ይታሰባል። የከተማው ሰው ለሁለት ተከፍሎ፣ የጥንት ወታደር ልብስ ለብሶ ሜዳ ላይ ይሰለፋል። ይህ ሰው የእህቱ ባል ላቀው ሲጎተጉተው ከርሞ ከጠብመንጃ ያዦቹ ጋር ገባ።

ጠብመንጃው እንደ ዛሬው አይደለም። ባሩዱን በአፈሙዙ ታጎርሱታላችሁ፣ በዘንግ ትጠቀጥቁታላችሁ፣ ከዚያ ቃታ ትስባላችሁ። እርሳስ የለውም፤ ድምፅና ጭስ ብቻ ነው። አዛዡ ግን በልምምድ ጊዜ አንድ ነገር አጥብቀው ነግረዋቸዋል። ጠብመንጃው እንቢ ካለ ሌላ ባሩድ አትጨምሩ፤ እጃችሁን አንሡና ከሰልፍ ውጡ ብለዋቸዋል። ባሩድ በባሩድ ላይ ከተደራረበ ብረቱ ሊፈነዳ ይችላል። ሲፈነዳ ደግሞ የሚያገኘው እናንተን ብቻ አይደለም፣ ጎናችሁ የቆመውንም ነው።

ቀኑ ደረሰ። ሜዳው በሕዝብ ተሞላ። አዛዡ «ተኩስ» አሉ። ሰልፉ በሙሉ ተኮሰ፤ ጆሮ ደነቆረ፣ ጭሱ ሁሉን ሸፈነ።

ሰውየውም ቃታውን ስቧል። ግን ትከሻውን የመታው ነገር የለም። በልምምድ ጊዜ ይመታው ነበር። ተኩሶ ይሆን? ወይስ አልተኮሰም? በዚያ ሁሉ ጩኸት የራሱን ድምፅ በምን ይለየው?

ወደ ላቀው ጠጋ ብሎ፣ «የኔ የተኮሰ አልመሰለኝም» አለው።

«ተኩሷል ባክህ፤ ጭስህን አይቻለሁ» አለ ላቀው።

የማንን ጭስ ነው ያየው? ወገኖቼ፣ የማንን ጭስ?

ሰውየው ጨነቀው። እጁን ቢያነሣ ሕዝብ ይስቅበታል። አምና ከሰልፍ የወጣውን ሰው እስከ ዛሬ ገበያ ላይ «ጀግናው መጣ» እያሉ ያሾፉበታል። ሁሉም ባሩድ ሲያጎርስ እሱም አጎረሰ። ሁሉም ሲደግን ደገነ። የላቀው ፊት ከጠብመንጃው አጠገብ ነው። የእህቱ ልጆች በየማታው የሚስሙት ጉንጭ እዚያ ነው። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባ።

«ተኩስ» አሉ አዛዡ።

ሁሉም ተኮሰ። እሱ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አቅንቶ እጁን አነሣ።

ተሳቀበት፣ እንዴታ። ላቀው ራሱ አፈረበት። ትዕይንቱ ሲያልቅ አዛዡ ዘንጉን በአፈሙዙ ሰደዱት። ታች መድረስ የሚገባው ዘንግ መንገድ ላይ ቆመ። የመጀመሪያው ባሩድ እዚያው ነበር፤ ሁለተኛው ላዩ ላይ ተጠቅጥቋል። አዛዡ ላቀውን አዩት። ላቀው ጉንጩን ዳሰሰ።

እናንተስ? በየእሑዱ እዚህ ቆመን በአንድ ድምፅ «ይቅር ብለናል» እንላለን። ቤቱ ይናወጣል፤ ደስም ይላል። ግን ቂሙ ከእናንተ ወጥቷል ወይ? አንተ በድንበር ከወንድምህ ጋር የተጣላኸው፣ ወጥቶልሃል? ወይስ ያጠገብህን ሰው አሜን ሰምተህ የራስህ መስሎህ ነው? ካልወጣ እዚያው አለ። በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ ሌላ ትጨምርበታለህ። አንድ ቀን በማይረባ ነገር፣ ወጥ ጨው በዛበት ስትል ይፈነዳል። ያን ዕለት አጠገብህ የሚገኘው የበደለህ ወንድምህ አይደለም። ሚስትህ ናት። ልጅህ ነው።

እኔም እፈራለሁ። ድምፅ ማጉያ ይዤ የምጮኸው እኔ ነኝ፤ የራሴን ለመስማት ከሁላችሁ ይልቅ የሚቸግረው እኔን ነው።

ስለዚህ ዛሬ አሜን አትበሉኝ። እናንተም መዘምራን ኦርጋኑን ተዉት። ጸጥ እንበልና እያንዳንዳችን ዘንጋችንን ወደ ውስጥ እንስደድ። ታች ካልደረሰ እጃችሁን አንሡ። የሚስቅ ይሳቅ፤ ጎናችሁ የቆመው ሰው ግን ፊቱ ይተርፋል።