ቡኒው ምልክት አልናገር አለ

ተረቴ ላምም በረትም የለበትም፤ ያለው አንድ የቤተ ሙከራ ፍሪጅና እልፍነሽ የምትባል ተማሪ ናት።

እልፍነሽ ሦስት ዓመት ሙሉ ከሰው ኩላሊት ውስጥ አንድ ፕሮቲን ስትፈልግ ኖራለች። የሚፈልግላት አንቲቦዲ ነው፤ ፕሮቲኑን ነክሶ ሲይዝ ቡኒ ምልክት ይተዋል። ምልክቱማ ሞልቷል። እውነት ይሁን ውሸት የሚለየው ግን ፔፕታይድ የሚባል ዱቄት ነው። የፕሮቲኑን ቁራጭ አስመስለው የሠሩት ስለሆነ፣ የአንቲቦዲውን አፍ ቀድሞ ይይዘዋል። ያን ጊዜ ቡኒው ከጠፋ እውነት ነበር፤ ካልጠፋ አንቲቦዲው ያገኘውን ሁሉ ሲነክስ ከርሟል። ይህ እንግዲህ መጀመሪያ የሚደረግ ነው። እሷና መምህሯ ግን «ኋላ ይደርሳል» እያሉ ተኙበት፤ አሁን መመረቂያ ፈተናዋ ሁለት ሳምንት ቀረው።

«እውነት ነህ?» ብትለው፣ ምልክቱ ያለ ዱቄት አልናገር አለ።

ዱቄቱ ጉምሩክ፣ ሣጥን ውስጥ ነው። ሣጥኑ ያለ ዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ አልከፈት አለ፤ ሣጥኑ ካልተከፈተ ዱቄቱ አልመጣ፣ ዱቄቱ ካልመጣ ምልክቱ አልናገር አለ።

ደብዳቤው ያለ ማኅተም አልሄድ አለ፤ ደብዳቤው ካልሄደ ሣጥኑ አልከፈት፣ ሣጥኑ ካልተከፈተ ዱቄቱ አልመጣ፣ ዱቄቱ ካልመጣ ምልክቱ አልናገር አለ።

ማኅተሙ መሳቢያ ተቆልፎበታል። የመሳቢያውን ቁልፍ የምትይዘው ጸሐፊዋ ወይዘሮ አስካለ ናት፤ እሷ ደግሞ ወንድሟ ሞቶባት፣ ቁልፉን ነጠላዋ ጫፍ እንደቋጠረች ለቅሶ ተቀምጣለች። ማኅተም የያዘ ሰው ቁልፉን ለሌላ አይሰጥም፣ ምን ይደረግ። ቁልፉ ከነጠላው አልፈታ አለ፤ ቁልፉ ካልተፈታ ማኅተሙ አልወጣ፣ ማኅተሙ ካልወጣ ደብዳቤው አልሄድ፣ ደብዳቤው ካልሄደ ሣጥኑ አልከፈት፣ ሣጥኑ ካልተከፈተ ዱቄቱ አልመጣ፣ ዱቄቱ ካልመጣ ምልክቱ አልናገር አለ።

እልፍነሽ ለቅሶ ቤት ሄደች። እዚያ ገብቶ «ቁልፍ ስጡኝ» የሚል አፍ ከየት ይመጣል? ሁለት ቀን ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጣ አለቀሰች። በሣልስቱ ወይዘሮ አስካለ ጠጋ አለቻት።

«የኔ ልጅ፣ ወንድሜን ታውቂው ነበር?»

«አላውቃቸውም እትዬ። የራሴን ነው የማለቅሰው፤ ይቅር ይበሉኝ» አለችና ሁሉን ነገረቻት።

«እዚህ ከተቀመጠው ግማሹ የራሱን ነው የሚያለቅሰው» አለችና ወይዘሮ አስካለ ቋጠሮዋን ፈታች።

ቋጠሮው ቁልፉን ለቀቀ፣ ቁልፉ ማኅተሙን አወጣ፣ ማኅተሙ ደብዳቤውን ላከ፣ ደብዳቤው ሣጥኑን ከፈተ፣ ሣጥኑ ዱቄቱን ሰጠ፣ ዱቄቱ የአንቲቦዲውን አፍ ያዘ፣ ምልክቱም ተናገረ።

ቡኒው አልጠፋም።

መምህሯ ዶክተር ልሳነወርቅ በማይክሮስኮፑ አይተው፣ «ዱቄቱ ተበላሽቶ ይሆን?» አሏት።

«አይደለም ዶክተር። ሦስቴ ደገምኩት።»

የፈተናው ቀን እልፍነሽ ፈታኞቿ ፊት ቆመች። «ሦስት ዓመት ያሳየኋችሁ ምልክት ውሸት ነው» አለች። እውነቱን ፈልጋ እውነቱን አገኘች፤ ያን ቀን ግን አልተመረቀችም። ተረቴን መልሱ አልላችሁም፤ ለእሷ አይዞሽ በሏት።