የሐጂ ሙዘይን ቀይ ስር

ስሟን መጥራት በማያስፈልገኝ አንዲት የጥንት የገበያ ከተማ ሐጂ ሙዘይን የሚባሉ የእህል ነጋዴ ነበሩ። ሚዛናቸውን የሚጠራጠር ሰው አልነበረም። አባታቸው የተዉትን የወንዝ ዳር የአትክልት ቦታ ግን ብቻቸውን ይዘውታል። ታናሽ እህታቸው ዘምዘም በሸሪዓው ድርሻ ነበራት፤ እሷም አልጠየቀች፣ እሳቸውም አልሰጡ። በዚያ አገር ወንድሟን ውርስ የጠየቀች እህት ትታማለች፤ ዝምታዋም እንደ ስጦታ ይቆጠራል።

አንድ ማለዳ ለሶላት ሊታጠቡ፣ ለዉዱእ ሲዘጋጁ ሽንታቸው ደም መስሎ ቀልቶ አዩ።  አባታቸው የሞቱት እንዲሁ ደም ሸንተው ነበርና "መጣ" አሉ በልባቸው። የንጋቱን ሱብሒ ሲሰግዱ በየሶላቱ የሚሉት ፋቲሓ ጠፋባቸው። ሱጁድ ወርደው ግንባራቸው መሬት ነክቶ ሳለ ፊታቸው ላይ ድቅን ያለችው ዘምዘም ነበረች።

ለማንም ሳይናገሩ፣ ቁርስም ሳይቀምሱ ኢማሙንና አንድ ጎረቤት ለምስክርነት ይዘው ወደ እህታቸው ቤት ሄዱ። መንገዱን ሁሉ "ሳልደርስ ብወድቅስ?" እያሉ ይጨነቁ ነበር።

"ዘምዘም፣ ከአባታችን ቦታ ድርሻሽን ተቀበይኝ። አፉም በይኝ።"

"ምን ሆነዋል ወንድሜ? እኔ መች ጠየቅሁዎት?"

"አለመጠየቅሽ ነው ያስፈራኝ።"

ዘምዘም አለቀሰች፤ አፉም አለቻቸው። ወንዝ ዳር ወርደው ወሰኑን በምስክሮቹ ፊት ለዩላት።

ሐጂ ቤታቸው ተመልሰው ለመናዘዝ ሚስታቸውን ሰዕዲያንና ልጃቸውን ሸምሱን ጠሩ። ያዩትን ሲነግሯቸው ሰዕዲያ አፏን በሻሿ ሸፈነች።

"ሐጂ፣ ትናንት የበሉት ቀይ ስር እኮ ነው። ቅጠሉን እንደ ጎመን ሠርቼ፣ ስሩን ከድንች ጋር ቀቅዬ ሰጠሁዎት፤ ጥሞዎት ደግመው በሉ። እኔንም መጀመሪያ የበላሁ ቀን እንዲሁ አስደንግጦኛል።"

ቀይ ስሩ በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የተዘራ ነበር፤ የተነቀለውም ጠዋት ለዘምዘም ከደረሰው መሬት ነው።

ሸምሱ እፎይ አለ። "አልሐምዱሊላህ። እንግዲያው አባ፣ ቦታው ይመለስ። የሰጡት ሞት መስሎዎት ነው።"

ሐጂ መቁጠሪያቸውን አስቀምጠው ወደ ሸምሱ ዞሩ። 

"ልጄ፣ ደሙ ቀይ ስር ሆነ። ሐቁ ግን ሐቅ ነው።"

ወንድሞቼ፣ ሐጂን አላህ በአንድ ሰሐን አትክልት ቀሰቀሳቸው። ብዙዎቻችን ግን የእህታችንን ድርሻ ይዘን ጤነኞች ነን። ምግብ ይስማማናል፣ እንቅልፍም ይወስደናል። እኔን የሚያስፈራኝ ይኸው ጤናችን ነው። እውነተኛው ቀን ሳይመጣ አላህ ያስደንግጠን፤ አሚን።