የአራጋው ቁልፍ

በእኛ ሰፈር አንድ ሰው ነገሩ ሳይሰክን ውል ለማሰር ሲጣደፍ የምንጠቅሳት አባባል አለች። ከጥንት አባቶች የወረስናት የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። እኔ ግን ስትወለድ አጠገቧ ነበርኩ። የተወለደችው እዚሁ ደሴ፣ ቁልቁለት ላይ፣ ከአንዲት የተውሶ መኪና በር አጠገብ ነው።

ጓደኛዬ አራጋው ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና የነዳ፣ እግሩ ነዳጅ ካልረገጠ የማያርፍ ሰው ነው። የእህቱ ልጅ ጌትነት የአቶ ይመርን ልጅ የሺመቤትን ወደዳት፤ እሷም ወደደችው። እንድንጠይቅለት የተላክነው ሽማግሌዎች አራጋው፣ ጎረቤታችን ሐጂ እንድሪስና እኔ ነበርን። አቶ ይመር ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ የሌላ ሰው ሽማግሌ መልሰዋል። ለእኛም “ጠዋት ሦስት ሰዓት፤ ካለፈ አትድከሙ” ብለው ልከውብናል።

አራጋው ለክብራችን ሲል የሚስቱን እህት አውቶማቲክ መኪና ተውሶ መጣ። ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ከአቶ ይመር በር ላይ አቆመና ሞተሩን አጠፋ። ቁልፉ ግን አልወጣም። እስከ መጨረሻው አልዞርም፣ አልቆለፍም ብሎ ማስነሻው ቀዳዳ፣ ኳድሮው ውስጥ ተቸነከረ።

አራጋው መሪውን ግራ ቀኝ ናጠው። ቁልፉን በመሐረብ ጠቅልሎ ጎተተው፣ ለመነው፣ ሰደበው። አንድ መንገደኛ መካኒክ ወደ ውስጥ እንኳ ሳያይ ኳድሮው ተበልቷል፣ ይፈታ ብሎን አለፈ። ሐጂ እሳቸው መኪናውን እየጠበቁ ሁለታችን እንድንገባ ሐሳብ አቀረቡ፤ ሽማግሌ ጎድሎ ደግሞ አይገባም። የሰው መኪና ቁልፉ እንደተሰካ ትቶ መግባትም አይሆንም። አምስት ደቂቃ ቀረን። የሁለት ልጆች ነገር በአንድ ቁልፍ ሊበላሽ ነው።

አራጋው ካቻቢቴ አውጥቶ የመሪውን ሽፋን ሊፈታ ሲል በሩ ተከፈተና አቶ ይመር ጋቢያቸውን እንደለበሱ ብቅ አሉ። መንዳት ሲያስተምሩ የሸበቱ ሰው ናቸው። ጎንበስ ብለው አዩና፣

“ማርሹን የት ላይ ተውከው?” አሉት።

“የኋላ ላይ ነዋ። ቁልቁለት ላይ ሲቆም የኋላ ማርሽ ይገባል። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ነው ያቆምኩት።”

“ያ ለጭነት መኪናህ ነው። ይህቺ ገና ልትሄድ ነው የሚመስላት። ማርሹ ማቆሚያው ላይ ካልገባ ቁልፉን አትለቅም።”

ፍሬኑን ረግጠው ማርሹን ወደ ማቆሚያው ገፉት። ቁልፉ ያለ ምንም ትግል ዞሮ እጃቸው ላይ ወጣ። እኔና ሐጂ በእፎይታ ሳቅን።

አራጋው ግን ቁልፉን እንኳ ሳይቀበል፣ እዚያው መንገድ ላይ፣ ልጅዎን ለልጃችን ብሎ ጀመረ። ሠርጉም ለጥር ይሁን አለ። ሐጂ በከዘራቸው ጎሸም ቢያደርጉትም አልሰማም። አቶ ይመር ረጋ ብለው የልጁን ሥራ ጠየቁት።

“ባለፈው ሳምንት ሦስተኛውን መሥሪያ ቤት ለቋል” አለ አራጋው። “አራተኛውን እየተነጋገረ ነው። እኛ ቀኑን እንቁረጥ፣ እሱ ከሠርጉ በኋላ ይረጋጋል።”

በመስኮቱ ስታየን የነበረችው የሺመቤት መጋረጃውን ለቀቀችው። አንጀቴን በላችኝ። አቶ ይመርም ወደ መስኮቱ ቀና ብለው አዩ።

“ልጁን አልጠላሁትም” አሉ። “አንድ ሥራ ላይ ዓመት ይቁምና ያኔ ኑ፤ እስከዚያ የሌላ ሰው ሽማግሌ አልቀበልም።” ከዚያም ቁልፉን በአራጋው መዳፍ ላይ አስቀመጡና፣ “ወንድሜ፣ ያልቆመ አይቆለፍም” አሉት።